ለሐኪሙ የተላኩ ሽማግሌዎች

…ጥጃዋ ግን ስም አልነበራትም። እርግጠኛ ነበርኩ፣ አንቺ እስክትጠይቂኝ ድረስ። ጉድጓድ የገባችው ጥጃ። አንቺ ከላይ ገመዱን ይዘሽ ትጮሂ ነበር፣ እኔ ከታች ጭቃ ውስጥ ቆሜ የኋላ እግሯን እገፋ ነበር፣ ከዚያ አባታችን መጣና… ከዚያ ወዲያ ያለው የለም። አባታችን መጣ። ምን አለ? በምን ስም ጠራት? በስልክ ምሕረቱ ከሆንክ የጥጃዋን ስም ተናገር ስትይኝ በዚያ በሻከረ ድምፄ ቦራ አልኩሽ። ግምት ነበር። ዘጋሽው። በማግስቱ ስደውል ቁጥሬን አግደሽዋል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ወንድሜን ሌቦች ይዘውብኛል፣ በስሙ እየደወለ የሚያስፈራራን አንድ ጎርናና ሰውዬ አለ፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ ብለሽ እዚህ ጆሃንስበርግ ላሉ የዱራሜ ልጆች ላክሽባቸው። ሦስቱ እኔን ሊፈልጉ እኔው ሱቅ መጡ። አገኘነው፣ ጎርናናው ራሱ ምሕረቱ ነው ብለው ቢነግሩሽ፣ እነሱንም ይዘዋቸዋል ማለት ነው ብለሽ የሦስቱንም ቁጥር አገድሽ።

እትዬ ፍሬገነት፣ ጎርናናው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ሰላምታው ዘገየ፤ ይቅር በይኝ። እንደምን አለሽ? ጤናሽስ፣ ያ ወገብሽስ፣ ስትጎነበሺ ቀጥ ብሎ ይቀር የነበረው? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እንሰቱ ጓሮውን ሞላው ወይስ ዘንድሮም በሽታው አጠወለገው? እማዬ እንደምን ናት? ባለቤትሽ ዓብዩስ? ልጃችሁ ማራናታስ? ግቢው፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም በየፊናው እንደምን ነው? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ልማዳችን ጻፍኳት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእርሷ ማስተካከያ ነው።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ፈሪድ ይባላል። እዚህ ለሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍል የወራቤ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ሊጠይቅ እየመጣ ነው። ምሕረቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ እንዲምልልሽ ነግሬዋለሁ። እሱን ደግሞ ስለ ጥጃ አትጠይቂው።

ነገሩ የጀመረው በድምፄ ነው። ግንቦት ላይ ሻከረ። ብርዱ ነው አልኩ፤ የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፣ ዝም ብሎ ደርቆ ከንፈር የሚሰነጥቅ ብርድ ነው። ዝንጅብል ጠጣሁ። ማር ላስኩ። ድምፄ ግን ቀን በቀን እየወፈረ ሄዶ አንድ ማለዳ ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለውን ሱቄን ከፍቼ ለመጀመሪያዋ ደንበኛ ሳዉቦና ብዬ ሰላምታ ስሰጣት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦው የትናንት ነው የሚል ሰው ጠፋ። ሰፈሩ የሚፈራው አንድ ግዙፍ ሰውዬ አለ፤ ድሮ በብረት ፍርግርጉ እጁን ሰዶ ያለ ሰላምታ ክብሪት ያነሳ ነበር። አሁን ኮፍያውን አውልቆ ኤይታ ባባ፣ ሰላም አባቴ እንደ ማለት ነው፣ ይለኝ ጀመር። አልዋሽሽም፣ ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ አንድ ሰው ፈራኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ስወጣ፣ የምኖርበት የቤሪያ ሰፈር ፎቅ ሊፍቱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ከጀርባዬ በስተግራ፣ ከትከሻ አጥንቴ ሥር፣ አንድ ሰው በጣቱ የሚነካኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። አምስተኛው ፎቅ ላይ እንደገና ነካኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ።

ከስድስት ዓመት በፊት በግራ ጎኔ በኩል ደረቴን ከፍተው እንደሠሩኝ ታስታውሻለሽ። ከልብ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቦታ ላይ ጠባብ ነበር፤ እዚያ ላይ ሰንጥቀው ጨርቅ መሰል ነገር ጥፈው አሰፉልኝ። ያን ጊዜ አለቀ ብዬሽ ነበር። እንዳለቀም አምኜ ነበር። አሁን በትልቁ መሣሪያ አስተኝተው ፎቶ ሲያነሱት፣ የተጣፈበት ቦታ እንደ አሮጌ ጎማ ጎኑን ነፍቷል። እብጠቱ የድምፅን ጅማት ተጭኖት ነው የጎረነንኩት። ስለዚህ ሰፈሩ የሚያከብረው እኔን ሳይሆን እብጠቱን ኖሯል።

ይህን የነገረኝ ዶክተር ሞሬማ ነው። ረጅም፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ የጽዋና ወገን የሆነ ሐኪም። ነገረኝ ስልሽ፣ ለእኔ ነው የነገረኝ። ስለ እኔ። እኔው ፊት። እብጠቱ ከፈነዳ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ የለም አለ። ደረትህን ግን ዳግመኛ አንከፍተውም፤ በብሽሽትህ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ከፍተን፣ እንደ ጃንጥላ የታጠፈ፣ ብረትና ጨርቅ የሆነ ቱቦ፣ ስቴንት ይባላል፣ በደም ሥርህ ውስጥ ወደ ላይ እንገፋና እብጠቱ ጋ ሲደርስ እንዘረጋዋለን፣ ደሙ በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ እብጠቱ ደም አጥቶ ይሟሽሻል አለ። ያረጀ ጎማ ውስጥ አዲስ ከመነዳሪ እንደ መክተት ነው። እስከዚህ ድረስ ወድጄው ነበር። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ከሃያ ሰው አንዱ ይሞታል ወይም ስትሮክ ይመታዋል ወይም እግሮቹ አይታዘዙለትም አለና ወረቀት ሰጠኝ። ፈርም አለኝ። እስክሪብቶውን ራሱ ጠቅ አድርጎ ከፈተልኝ።

እኛ ዘንድ ይህ እንዴት እንደሚደረግ አንቺ ታውቂያለሽ። አባታችን የሞተው በጨጓራ ነው፤ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ። የሆሳዕናው ሐኪም አጎታችንን ለብቻው ጠርቶ የነገረውን ነገረው። አጎታችን እየሳቀ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ተመለሰ። አባታችን ሙዙን በላ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቦይ አቅጣጫ አሰበ፣ ሁላችንንም በየተራ ተቆጣ። የሞተውም እየተቆጣ ነው፤ ወንድማችንን ቲቶን መሰለኝ። ሰው እንዲህ ነው መሄድ ያለበት እያልኩ ኖሬአለሁ። ይህ ሐኪም ግን አጎት አልጠራም። ሙዝ የለም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ አመሰገንኩት፣ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ መውረጃዬን አለፍኩ። ተመልሼ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። እሱንም አለፍኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኳየሩ ውስጥ ቆሜ ነበር። ድምፄ ስለማይሆን ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሃያ ነን። ከሃያው የትኛው ይሆን አልኩ። ከፊቴ የቆመው ቴነር ሁልጊዜ ዜማ ያወርዳል፤ ለአፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ። ማን ቀረ ብዬ መዝሙሩ እስኪያልቅ ስፈልግ ነበር።

ከሆስፒታሉ ሦስት ጊዜ ተደወለልኝ። ሲስተሯ ባባ፣ ለምን አትመጣም፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ አትናደድ ብላለች። ተናድጃለሁ አልኳት። በማን አለች። በዶክተሩ፤ አዋርዶኛል። ምን አደረገህ አለች፣ ድምፅዋ ተለወጠ። እውነቱን ነገረኝ አልኳት። እሺ፣ ፋይልህ ላይ እጽፈዋለሁ አለች።

እኔ ደግሞ እየፈራሁ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። ፍርግርጉ ኋላ ተቀምጬ ማስቲካ እየሸጥኩ፣ ሳል ሲመጣብኝ እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ደረቴን እይዛለሁ። ሰው ሲጠራኝ ቀስ ብዬ እዞራለሁ። በቀስታ እስቃለሁ። መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን በዚያ ቃል ላይ ተራምጄ እንዴት ልግባ? ቃሉ በሩ ላይ ተጋድሟል።

በመጨረሻ ለጋሽ ብዙነህ ነገርኩት። ጋሽ ብዙነህ የቤሪያው ፎቅ ጎረቤቴ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው፣ ስድሳ ያለፈው፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር መጋረጃና ብርድ ልብስ ሲሸጥ ሃያ ስድስት ዓመቱ። እሱ ደግሞ ለወንጌላዊ አቢሶ ነገረው፤ ወንጌላዊ አቢሶ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ነው፣ ዛንድስፕሩት ሱቁ ከእኔ ሁለት መንገድ ይርቃል። ሁለቱ በጾምና በመዝሙር ጉዳይ አሥራ አንድ ዓመት ተከራክረው አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። በዚህ ግን ወዲያው ተስማሙ። ጋሽ ብዙነህ ሰው ፊት ለፊት ሞቱ ይነገረዋል እንዴ፣ ይሄ እርግማን እንጂ ሕክምና አይደለም አለ። ወንጌላዊ አቢሶ ልክ ነህ፣ ግን ልጁ መሠራት አለበት፣ እብጠቱ የእኛን ክርክር አይጠብቅም አለ። ተነጋግረው የደረሱበት ይህ ነው። ሐኪሙ በድሏል፤ ታማሚው አኩርፏል፤ ሁለት ሰው ተጣልቷል። ሁለት ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል።

ዓርብ ቀን ሄዱ። ጋሽ ብዙነህ በካፖርቱ ላይ ነጠላ ደርቦ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ወንጌላዊ አቢሶ ከረባት አስሮ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዟል። ሁለቱም እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ ግን በሱቅ እንግሊዝኛ ሽምግልና አይሆንም ብለው ሮሃን አስከትለዋታል። ሮሃ የጥገኝነት ወረቀት ለሚጠይቁ ሰዎች በቃለ መጠይቅ ላይ የምታስተረጉም ሴት ናት። ሥራዋ አንድ ቃል አለመዝለል ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አስነጠሰ ብላ ትተረጉማለች ይባላል። ሲስተሯ ቀጠሮውን የቤተሰብ ውይይት ብላ መዝግባላቸዋለች።

ተበዳይ ሽምግልና ላይ ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተሰጠኝ። በሩ በደንብ አልተገጠመም። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ ተቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም። ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ሐኪሙም ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ በእሱም አገር ነውር ነው መሰለኝ፣ ቆሞ ቀረ። ሮሃ በመካከል ቆመች። ጋሽ ብዙነህ ምርቃቱን ጀመረ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እጅዎን ይባርከው፣ ዘርዎን እንደ ሰማይ ኮከብ ያብዛው፣ ክፉ አይንካዎት። ሮሃ አንድም ሳታስቀር፣ እንደ ምስክር ቃል በደረቁ፣ አንድ በአንድ አስተላለፈችው። ሐኪሙ ባርኔጣውን አየ። ከረባቱን አየ። ከዚያ በጥንቃቄ፣ ልጄን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁት እንዴ አለ። እኛም ዘንድ ልጅ ሲታጭ አጎቶች እንዲህ መጥተው በር ላይ ይቆማሉ፤ የእኔ ግን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ተማሪ ናት አለ። ወንጌላዊ አቢሶ ኧረ እኛ የመጣነው በሌላ ሰው ልብ ጉዳይ ነው፣ ልጅዎ ግን በበረከት ትደግ አለ። ሐኪሙ ሲተነፍስ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ክሱ ቀረበ። ለልጃችን ሞቱን ፊት ለፊት ነግረውታል አለ ጋሽ ብዙነህ። ሐኪሙ ሕጉ ነው፣ ገላው የራሱ ነው፣ ሳልነግረው ብነካው ወንጀል ነው አለ። ወንጌላዊ አቢሶ ሕግ እናከብራለን፣ እኛ በወረቀት የምንኖር ሰዎች ነን፣ ግን ሸክም በተሸካሚው ራስ ላይ እያለ አይመዘንም አለ። ሮሃ ይህን ስትተረጉም ሐኪሙ፣ ታዲያ ምን ላድርግ አለ።

ሁለት ነገር አለ ጋሽ ብዙነህ። አንደኛ፣ ያቺን ቁጥር ይመልሷት። ሐኪሙ ቁጥሯ የእኔ አይደለችም፣ የታመመ ሰው ሁሉ ናት፣ ልመልሳት አልችልም አለ። እንግዲያስ አሥራ ዘጠኙን ይንገሩት አለ ጋሽ ብዙነህ። አንዱን ነግረውት ሄዱ፤ አሥራ ዘጠኙን ማን ይንገረው? ከዚያ ሐኪሙ፣ እውነት ነው፣ ስለ አሥራ ዘጠኙ አልነገርኩትም አለ። በትሕትና ይሁን በድካም አላውቅም። ሰውዬው ከማለዳ ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ነው የመጣው፤ እነሱም ካቆሙት ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል።

ሁለተኛ፣ የሚያስገቡበትን ነገር ያሳዩን አለ ጋሽ ብዙነህ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ለማሳያ የሚይዙት አንድ ቱቦ አለ። ከዚህ በኋላ፣ እትዬ፣ የጋሽ ብዙነህ ድምፅ ተለወጠ፤ ሽማግሌው ሄዶ ነጋዴው መጣ። ጨርቁ ምንድን ነው አለ። ፖሊስተር ነው አለ ሐኪሙ። ጋሽ ብዙነህ ፖሊስተር አለ፣ የዘመዱን ስም ፖሊስ ጣቢያ እንደሰማ ሰው። እኔ ውጭ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከእሱ የገዛሁት መጋረጃ ሁሉ ትዝ አለኝ።

ሮሃ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቱቦውን ገልብጦ ውስጡን አየ፣ ጠርዙን ሳበ፣ ወደ መስኮቱ አነሳው፣ ስፌቱን በጥፍሩ ቆጠረ። ሲርስ ይኮማተራል ወይ አለ። ዕድሜ ልኩን ደም ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አይኮማተርም አለ ሐኪሙ። ፀሐይ ያገኘዋል ወይ አለ። ሐኪሙ እዚያ ውስጥ ፀሐይ የለም አለ። እንግዲያስ ጥሩ፤ ፖሊስተርን የሚገድለው ፀሐይ ብቻ ነው አለ ጋሽ ብዙነህ። በእጅ ነው የተሰፋው ወይስ በማሽን? በእጅ፣ እያንዳንዱን ሰው ተቀምጦ ይሰፋዋል አለ ሐኪሙ። ጋሽ ብዙነህ ጠርዙን ዳግመኛ በጣቱ ዳስሶ፣ ስፌቱ ንጹሕ ነው አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የዳንኩ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙን አላመንኩትም ነበር፤ ሐኪም ስለ ሐኪምነቱ ያወራል። ጋሽ ብዙነህ ግን ንጹሕ ያለውን ስፌት ሃያ ስድስት ዓመት ማንም አልመለሰበትም።

ወንጌላዊ አቢሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ለሥጋ ዘመድዎ ያደርጉት ነበር ወይ አለ። ሐኪሙ ለእናቴ ወንድም አድርጌዋለሁ፤ ሩስተንበርግ ነው ያለው፣ ፍየል ያረባል፣ ጨቅጫቃ ነው አለ። አሁንም ይጨቃጨቃል ወይ አለ ወንጌላዊ አቢሶ። ትናንት ደውሎ ጨቅጭቆኛል አለ ሐኪሙ። እንግዲያስ ድኗል አለ ወንጌላዊ አቢሶ፤ ሦስት ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ተቀመጡ።

ስምምነቱ ይህ ነው። በሕግ ግዴታ ያለበትን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ የተነገረ አይመለስም። ከእንግዲህ አዲስ ነገር ካለ ግን አስቀድሞ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ይነግራቸዋል፣ እነሱ በወግ በወጉ ያደርሱኛል። ለዚህም እኔ ፈቃዴን በጽሑፍ እሰጣለሁ። አስገቡኝ። ጋሽ ብዙነህ ታረቁ አለን። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን በትከሻው ሦስት ጊዜ ሳመ፤ በሦስተኛው የደረት ኪሱ እስክሪብቶ ወጋኝ። ሁለት ወረቀት ፈረምኩ። የመጀመሪያውን፣ ሐኪሙ ያኔ የሰጠኝን፣ ፊቴን አዙሬ። ሁለተኛውን፣ ለሽማግሌዎቹ ይንገር የሚለውን፣ በደስታ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጋሽ ብዙነህ፣ ምንም እንዳልሰማሁ ቆጥሮ፣ በስምምነቱ መሠረት ዜናውን አደረሰኝ። ምንም አይደለም፣ መጋረጃ መስቀል ማለት ነው አለ። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ አሜን አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው። አጠገቤ የተኙት ባባ ኩማሎ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ምን እየጻፍክ ነው አሉኝ። ለእህቴ ደብዳቤ አልኳቸው። ስልክ የላትም ወይ አሉ። አላት፣ ቁጥሬን አግዳዋለች አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የእኔም እህት አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እዚህ ተኝቼ አንድ ነገር ገባኝ። በወጋችን ቢሆን ይህ ወሬ መጀመሪያ መነገር የነበረበት ለአንቺ ነው። ሐኪሙ አንቺን ጠርቶ ይነግርሽ ነበር፤ አንቺ ኮሪደር ላይ አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ የሚበላ ነገር ይዘሽ እየሳቅሽ ትገቢልኝ ነበር። ወሬው አድራሻ ተሳስቶ እኔ ዘንድ መጣ። ወር ሙሉ ያለ ቦታዬ ተሸከምኩት። እነሆ ለባለቤቱ ልኬዋለሁ። አንቺ ደግሞ የሚነገረውንና የማይነገረውን ታውቂያለሽ። ለእማዬ ጉንፋን ነው በያት፤ የጆሃንስበርግ ጉንፋን ድምፅ ያጎረናል በያት፣ ትንሽም ቢሆን እውነት አለበት።

ሌላም አለ። ስቴንቱ በደህና ቢገባም ድምፄ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙ አያውቅም። ስለዚህ ይህን ጎርናና ሰውዬ መልመድ ሊኖርብሽ ነው። ቁጥሬን ክፈቺው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብደውልና ዝም ብል እንኳ አትዝጊው፤ ከማደንዘዣው ሲያነቁኝ ለጥቂት ሰዓት ምላስ ይተሳሰራል ይላሉ። መጠየቅ ካለብሽ የማውቀውን ጠይቂኝ። ጥርስሽን ማን እንደሰበረው ጠይቂኝ። እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ድንጋይ ነው ብለሻቸዋል፤ ይህን ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሌባ የለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በግራ በኩል አልተኛም በያት፣ እንዳዘዘችኝ። ዓብዩን ለሠራው አጥር አመስግኚልኝ፣ ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ አማቼ መሆኑን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ማራናታ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቻለሁ፤ ሐኪም እሆናለሁ ማለቷን ካልተወች አንድ ነገር እመክራታለሁ፣ መጀመሪያ አሥራ ዘጠኙን መናገር ትማር። ቲቶን ሰላም በይልኝ፤ አባታችን በመጨረሻ የተቆጣው እሱን እንዳልነበረ፣ እኔን እንደነበር አሁን አሁን እየመሰለኝ ነው፣ ይህን ንገሪው፣ ቀለል ይለው ይሆናል። ጎረቤታችንን እትዬ ማርያምን ሰላም በይልኝ፤ ለእሷ ግን ምንም አትንገሪያት፣ ከነገርሻት እማዬ ከመስማቷ በፊት ገበያው ይሰማል። አንቺን ደግሞ ሁለት ጉንጭሽን፣ ከዚያም ግንባርሽን።

ወንድምሽ ምሕረቱ
ጆሃንስበርግ፣ ከሆስፒታል
ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈሪድ ደብዳቤውን ሊወስድ መጥቶ አልጋዬ ራስጌ ቆሟል። ትንሽ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። የሚወስዱኝ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሦስት ከሩብ ነው። ጋሽ ብዙነህና ወንጌላዊ አቢሶ ከማለዳ ጀምሮ እግርጌ ተቀምጠው ስለ ፍልሰታ ጾም እየተከራከሩ ነበር። ዶክተር ሞሬማ አሁን ገባ። ትናንት ማታ እንደገና ያነሱኝን ፎቶ በትልቅ ፖስታ ይዟል። እንደ ድሮው በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል ብዬ ነበር። እንዴት አደርክ አለኝ። እንቅልፍህስ አለኝ። ብርዱስ እንዴት ነው፣ እናትህ ደህና ናት፣ እህትህስ አለኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፎቶው ምን ይላል አልኩት። ፈገግ አለ። ቃል ገብቻለሁ ብሎ የፈረምኩትን ሁለተኛውን ወረቀት ከፖስታው አውጥቶ አሳየኝ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ወደ አንተ እመጣለሁ አለ። ዶክተር፣ ግድ የለም፣ ለእኔ ንገረኝ አልኩት። ድምፄ ጎርናና ስለሆነ ይሆናል አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ወደ እግርጌዬ ዞረና፣ ቃሉን ከሮሃ ተምሮት ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ሽማግሌ አለ። ጋሽ ብዙነህ ባርኔጣውን አነሳ። ወንጌላዊ አቢሶ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋ። ከክፍሉ ጫፍ ሲስተሮቹ ሻይ የሚያፈሉበት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ አስቀደማቸው። ተከትሏቸው ገባ። በሩ ተዘጋ።